ቀነኒሳ አብቅቶለታል? ያቋረጣቸውን ሳይሆን ጥሩ ቀኑን እንይ

ድሬዳዋ የኳስ ከተማ ናት። የ1976ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ምድብ የተካሄደው እዚሁ ስታዲየማችን ነው። ሻምፒዮን ሆኖ የመጣው የዛየር ቡድን አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ የተሸኘውም ከዚሁ ነው። በከዚራ ሠፈር ዛፎች ሥር ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስለ አርሰናል ሲከራከር ያመሻል እንጂ ስለ በርሊን ማራቶን ትንፍሽ አይልም። ቀነኒሳ በቀለ ከተነሳ ግን ነገሩ ይቀየራል። ባጃጅ ነጂውም፣ ፈጢራ ጋጋሪውም፣ የባቡር ጡረተኛውም የሚለው አያጣም።

ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። አንዱ “አቦ ተዉት፣ ሰውየው አብቅቶለታል፤ ጀመረ ሲሉት አቋረጠ ነው” ይላል። ሌላው “በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ የወጣን ሰው ነው አበቃለት የምትለው?” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። እኔ ግን ሁለቱም የሚያዩት ቦታ ትክክል አይመስለኝም። አንዱ የሚቆጥረው መጥፎ ቀኖቹን ነው። ሌላው አንድ ጥሩ ቀን ይዞ ሌላውን ሁሉ ይረሳል። የአንድ ሯጭ ጊዜ ማለፍ አለማለፉ የሚታወቀው በጥሩ ቀኑ ነው። ሁሉ ነገር በሰመረለት ቀን ከዓለም ምርጥ ስንት ይርቃል? ጥያቄው ይኸው ነው። (ዓመተ ምህረቱንም፣ ወሩንና ቀኑንም በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ የትኛው ቀነኒሳ እንደምናወራ እንለይ። የትራኩ ቀነኒሳ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ካለቀ። በዚህ ማንም አይከራከርም። በ2004 ሄንግሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12:37.35 ሮጠ። በቀጣዩ ዓመት ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26:17.53 ጨረሰ። ሁለቱም ሰዓቶች እስከ 2020 ድረስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነው ቆዩ። የሰበራቸው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው። በመሃል ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ አለ። አራት ተከታታይ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮናም አለ። በአገር አቋራጭ ደግሞ 11 የግል የዓለም ወርቅ። በ2008ቱ ኦሎምፒክ ቤጂንግ ላይ የመጨረሻዋን 400 ሜትር በ53 ሰከንድ ገደማ ሲበር ያየ ሰው መቼም አይረሳውም። ያ ሩጫ ድሬ ላይ የኳሱን ወሬ እንኳን ለሳምንት ዝም አሰኝቶት ነበር።

በ2009 የዓለም ሻምፒዮና በርሊን ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወሰደ። ዕድሜው 27 ነበር። በ2010 መጀመሪያ ባቱ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ የትራኩ ቀነኒሳ ወደ ቀድሞው ቦታው አልተመለሰም። እስከ 2011 በ10 ሺህ ሜትር ቀድሞት የገባ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ አቋርጦ ወጣ። የሚገርመው ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሆነው ነው። ብራስልስ ሄዶ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት 26:43 ሮጠ። በዓመቱ ለንደን ኦሎምፒክ አራተኛ ወጣ። ነሐሱን የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ቀን ሲያቋርጥ፣ ሌላ ቀን ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ሰውየው ገና 29 ዓመቱ ነበር። ዛሬ “እርጅና ነው” የምንለው ባህሪ ያኔም ነበረበት።

የማቋረጡ ነገር

ማራቶን የጀመረው በ2014 ፓሪስ ላይ ነው። 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ሮጦ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀጥሎ የመጣው ግን ውጥንቅጡ የወጣ ነው። ዱባይ 2015 አቋረጠ። በ2016 ለንደን ሦስተኛ፣ በርሊን በ2:03:03 አንደኛ። ዱባይ 2017 አቋረጠ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በመከር በርሊን ላይ እንደገና አቋረጠ። አምስተርዳም 2018 አቋረጠ። ይህ ሁሉ የሆነው 37ኛ ዓመቱን ሳይሞላ ነው።

ስለዚህ “አቋራጭ ሆኗል፣ አርጅቷል” የሚለው ክስ ብዙም አያስኬድም። ከጅምሩም እንዲሁ ነበር። ችግሩ የባቱና የጅማቱ ነው። የዝግጅቱም ነው። ጉዳት ሲመላለስ ልምምድ ይቆራረጣል፤ ማራቶን ደግሞ የተቆራረጠ ልምምድ አይምርም። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2013 እና በ2022 መካከል ከሮጣቸው ማራቶኖች አብዛኞቹን አሸንፎ፣ ሁሉንም ጨርሶ ነው ስሙን የተከለው። የቀነኒሳ ታሪክ እንዲያ አይደለም። ወይ ሰማይ ነው፣ ወይ ሜዳ ላይ መቀመጥ ነው።

ሰማዩን ለማየት በርሊን 2019ን ማስታወስ ይበቃል። ዕድሜው 37 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማራቶን ያቋረጠው ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሰና ሲሳይ ለማ ትተውት ሄዱ። ካሜራውም ትቶት ሄደ። እዚህ ድሬ ከሳቢያን እስከ ለገሃር ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ “ይኸው ደግሞ ሊወጣ ነው” ያለ ይመስለኛል። እኔም ብያለሁ። እሱ ግን አልወጣም። እርምጃውን ሳይቀይር፣ ፊቱን ሳያኮሳትር፣ ቀስ በቀስ ልዩነቱን አጠበበ። መጀመሪያ ሲሳይን፣ ቀጥሎ ብርሃኑን አለፈ። በብራንደንቡርግ በር ሥር ሲያልፍ ሰዓቱ ከክብረ ወሰኑ ጋር ይተናነቅ ነበር። 2:01:41። የኪፕቾጌ ክብረ ወሰን ያኔ 2:01:39 ነው። በሁለት ሰከንድ አመለጠው።

ሁለት ሰከንድ! ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ! እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ጫማው እና ልዩነቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከበርሊን በኋላ ያሉትን ሰዓቶች የሚያይ ሰው ሊሳሳት ይችላል። በታኅሣሥ 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2:04:19 ሮጦ አራተኛ ወጣ። በሚያዝያ 2024 ለንደን ላይ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ሆነ። ያኔ 41 ዓመቱ ነው። በ31 ዓመቱ ፓሪስ ላይ የሮጠው ደግሞ 2:05:04 ነበር። እና በአሥር ዓመት ውስጥ ፈጥኗል ማለት ነው? ታዲያ የምን እርጅና ነው?

እዚህ ላይ ጫማውን መርሳት አይቻልም። ከ2017 ገደማ ጀምሮ ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ የካርቦን ሳህን ያለበት ጫማ ገበያውን ያዘ። አዲሱ ስፖንጅ የረገጡትን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ እግር ቶሎ አይደክምም። የማራቶን ሰዓቶች በሙሉ ወረዱ። ስለዚህ የ2014ን ሰዓት ከ2024 ጋር ፊት ለፊት ማወዳደር አይሆንም።

ሌላ መለኪያ አለ። በየዘመኑ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን ምን ያህል ይርቅ ነበር? በ2014 ፓሪስ ላይ ሲሮጥ ክብረ ወሰኑ 2:03:23 ነበር፤ ልዩነቱ 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። ለመጀመሪያ ማራቶን ምንም አይልም። በ2016 በርሊን ላይ ልዩነቱ 6 ሰከንድ ብቻ ሆነ። በ2019 ሁለት ሰከንድ። በ2024 ለንደን ላይ ሲሮጥ ግን ክብረ ወሰኑ የኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም 2:00:35 ነው። ልዩነቱ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ደረሰ።

ለንደን ደግሞ መጥፎ ቀኑ አልነበረም። ሳይታመም፣ ሳያነክስ፣ እስከ መጨረሻው እየታገለ የሮጠው ነው። ኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ ሲነጥል ተከትሎት የሄደው እሱ ብቻ ነበር። ሙቲሶ በ14 ሰከንድ ቀደመው። ቫሌንሲያም እንዲሁ ጥሩ ቀኑ ነበር፤ አሸናፊው ሲሳይ ለማ 2:01:48 ገብቶ በሁለት ደቂቃ ተኩል ቀድሞታል። በርሊን ላይ ከኋላ ተነስቶ ያለፈው ያው ሲሳይ ማለት ነው።

የእኔ መልስ ከዚህ ይነሳል። የቀነኒሳ ጥሩ ቀን ራሱ ወርዷል። አዎ፣ ጊዜው አልፏል። ማስረጃው ግን ማቋረጡ ሳይሆን ሳያቋርጥ የጨረሳቸው ናቸው። ከ2019 በርሊን ወዲህ አንድም ማራቶን አላሸነፈም።

ሰውነት ምን ያጣል?

ዕድሜ ሁሉንም እኩል አይወስድም። መጀመሪያ የሚሄደው ፍጥነት ነው። ፈጣን የሚባሉት የጡንቻ ክሮች ይሳሳሉ። ያ የቤጂንግ አጨራረስ በ40 ዓመት አይገኝም። ለማራቶን ይሄ ያን ያህል አይጎዳም፤ ማራቶን በመጨረሻው 400 ሜትር የሚወሰነው አልፎ አልፎ ነው። ቀጥሎ የልብ ምት ጣሪያ ይወርዳል። ይህ በልምምድ የማይመለስ ነገር ነው። ልቡ በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ሲቀንስ ሰውነቱ የሚጠቀመው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ጠንክሮ የሚሠራ ሰው ቁልቁለቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

የማይሄድ ነገርም አለ። አሯሯጥ ማለትም በትንሽ ጉልበት ብዙ መሄድ፣ ከዕድሜ ጋር ብዙም አይበላሽም። የቀነኒሳ እርምጃ ዛሬም ያው ነው። ኃይል ማባከን የሚባል ነገር አያውቅም። ለንደን ላይ ያዳነውም ይሄ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ጅማት ነው። ጅማት እንደ ጡንቻ ብዙ ደም አይደርሰውም፤ ሲጎዳም ቶሎ አይድንም። በ25 ዓመት በሳምንት የሚያልፍ ነገር በ40 ሁለት ወር ይፈጃል። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎችን የሚያውቅ ይረዳኛል። ሞተሩ ዛሬም ይነሳል፤ የሚያስቆመው እግሩ ነው። ለቀነኒሳ ይህ በ2010 የጀመረ የባት ታሪክ ነው። ዕድሜ አሮጌውን ቁስል ነው ያባባሰው። ባቱ ጤነኛ ቢሆን በ35 ዓመቱ ምን ይሮጥ ነበር ብሎ መጠየቅ ያምራል። መልስ ግን የለውም።

“ማሞ ወልዴስ?” የሚል አይጠፋም። ደግ ጥያቄ ነው። ማሞ በ36 ዓመቱ ሜክሲኮ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ፣ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ ወስዷል። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉም በ37 ዓመቷ ኒውዮርክን አሸንፋለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 2:03:59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሲያሻሽል 35 ነበር። ኪፕቾጌ 2:01:09 ሲሮጥ 37። እነዚህ የሚያሳዩት 35 ወይም 37 ለማራቶን ገደል አለመሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ተመልከቱ። ኃይሌ በ2010 ኒውዮርክ ላይ በጉልበት ሕመም አቋርጦ እዚያው አቆምኩ አለ። ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። ኪፕቾጌ ቶኪዮ 2024 ላይ አሥረኛ ወጣ፤ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ አቋረጠ። ሁሉንም የሚጨርሰው ሰውዬ!

የማሞ ዘመን ደግሞ የተለየ ነበር። ያኔ ማራቶን ትራክ ላይ የጠገቡ ሰዎች የሚመጡበት ቦታ ነው። አሁን ልጆቹ ትራኩን ዘለው በቀጥታ ጎዳና ላይ ይወጣሉ። ኪፕተም 2:00:35 ሲሮጥ 23 ዓመቱ ነበር። በ41 ዓመት ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ጋር መሰለፍ ማሞ ካጋጠመው በጣም ይከብዳል።

ፓሪስ፣ ወይም ደንገጎን መውረድ

ክርክሩ እውነት የሚጦዘው ፓሪስ ላይ ነው። በነሐሴ 2024 ቀነኒሳ 42 ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት የኦሎምፒክ ማራቶን ሮጠ። 2:12:24 ገብቶ 39ኛ ወጣ። ከአሸናፊው ስድስት ደቂቃ ያህል ይርቃል።

የፓሪሱ መንገድ እንደ ለንደን ሜዳ አልነበረም። እስከ ቬርሳይ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ ያለው ነው። አንዳንዱ ቦታ ዳገቱ 13.5 በመቶ ይደርሳል። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ከድሬ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ ማርሽ ቀይሮ ሲያቃስት የሰማ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ደንገጎን በእግሩ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ሲወጡ ትንፋሽ ነው የሚያጥረው። ሲወርዱ ግን ጭኑ ነው የሚፈጨው፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅታል። ቁልቁለት ላይ ጡንቻው እየተለጠጠ ነው ክብደት የሚሸከመው፤ ባትና ጅማትም በየእርምጃው ይመታሉ። ያረጀ ቁስል ላለበት ሯጭ ፓሪስ ከሁሉም የከፋ መንገድ ነበር። 39ኛነቱ ስለ ሜዳ ማራቶን የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለ ምርጫው ግን ብዙ ይነግረናል።

የኢትዮጵያ ቡድን መጀመሪያ ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታ እና ቀነኒሳ ነበሩ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ። ሲሳይ ተጎድቶ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ታምራት ገባ። ነሐሴ 10 ቀን ብቻውን ወጥቶ በ2:06:26 አዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ አሸነፈ። በማግስቱ 33 ዓመት ሞላው። ደሬሳ አምስተኛ ወጣ።

ታምራት ከየት የመጣ አዲስ ሰው አይደለም። የ2022 የዓለም ሻምፒዮን ነው። በ2023 ኒውዮርክን በ2:04:58 አሸንፎ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኒውዮርክ ደግሞ ድልድይና ዳገት የበዛበት መንገድ ነው። ማለትም ለፓሪስ ዓይነት መንገድ ከተፈለገ እጅ ላይ ያለ ሰው ነበር። ሲሳይ ባይጎዳ የወርቁ ባለቤት ውድድሩን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው። ይህን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ቀነኒሳን የምወቅስበት ምክንያት የለም። ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ሰዓቱን አምጥቷል፣ ሲጠሩት ሄደ። ማን ይቀራል? ደግሞም የተበደለ ሰው ነው። በ2016 ለሪዮ አልተመረጠም። ከሪዮ ማራቶን አምስት ሳምንት በኋላ በርሊን ላይ 2:03:03 ሮጠ። ሲችል አስቀሩት፣ ሳይችል ወሰዱት። ጥፋቱ የመራጮች ነው። ሰዓቱን አዩ፤ መንገዱን አላዩም። ስሙም ዓይናቸውን ሳይከልል የቀረ አይመስለኝም።

ድሬ ላይ ይህን ስናገር የሚቆጣኝ አይጠፋም። “አንበሳ አያረጅም” ይሉኛል። ያረጃል። ቢያረጅም የማከብረው መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮችን መለያየት ይበጃል። አንደኛው የግል ውድድር ነው። ለንደን፣ በርሊን፣ ቫሌንሲያ የሚጠሩት ለስሙ ይከፍሉታል፤ እሱም ሥራው ነው። በ45 ዓመቱም መሮጥ ከፈለገ ይሩጥ። ጥሩ ቀን ካጋጠመው ሦስተኛ ሊወጣ ይችላል፤ ብር ሊያገኝም፣ የዕድሜውን ክብረ ወሰን ሊያሻሽልም ይችላል። “ስሙን ያበላሻል” የሚሉትን አልሰማም። የሄንግሎንና የብራስልስን ሰዓት ማንም ከታሪክ አይፍቀውም።

ሁለተኛው የብሔራዊ ቡድን ቦታ ነው። ሎስ አንጀለስ 2028 ሲደርስ 46 ዓመት ይሆነዋል። ቦታዎቹ ሦስት ናቸው። እነዚያ ቦታዎች ለማንም ሲሰጡ፣ ለቀነኒሳም ሆነ ለሌላ ባለ ስም፣ ከአንድ ብሩህ ሰዓት በላይ ይጠየቅ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ማራቶን የጨረሰ፣ ከሁለቱም አንዱን ዳገት ባለበት መንገድ ላይ የሮጠ፣ ሰዓቱም ከአሸናፊው ካለው ልዩነት ጋር የሚታይ። ተጠባባቂውም ከመጀመሪያው እንደ ዋና ተሰላፊ ይዘጋጅ።